መድኃኒትና እርጅና በአማን

ዕድሜ ሲገፋ ኩላሊትና ጉበት መድኃኒትን ከሰውነት የማስወገድ አቅማቸው ይቀንሳል። ለጎልማሳ ልክ የሆነው መጠን በአረጋዊ ሰውነት ውስጥ ይጠራቀማል፤ እንደ ዳያዜፓም ያለ ማረጋጊያ ለቀናት ቆይቶ ድብታ፣ መደናገርና መውደቅ ያመጣል። አሜሪካዊው ሐኪም ማርክ ቢርስ በ1991 እ.ኤ.አ. ለአረጋውያን የማይመከሩ መድኃኒቶችን ዝርዝር ያወጣው ለዚሁ ነው።

የስኳር ሕመም በተስፋፋባት በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፣ አደጋው በረመዳን ይብሳል። የስኳር መድኃኒቱን ግሊቤንክላማይድ የሚወስዱ አረጋዊ እስከ ጀንበር መጥለቂያ ሲጾሙ ስኳራቸው ከመጠን በላይ ሊወርድ ይችላል። ላብ፣ መንቀጥቀጥና የተምታታ ንግግር ይታያል፤ ይህንን «እርጅና ነው» ብሎ ማለፍ ግን ሕይወት ሊያስከፍል ይችላል። መጠኑንና ሰዓቱን ሐኪሙ ከጾሙ በፊት ያስተካክላል።

አንዱ መድኃኒት ሌላውን የሚጠራበት ጊዜም አለ። የደም ግፊት መድኃኒቱ አምሎዲፒን እግር ሊያሳብጥ ይችላል፤ እብጠቱ እንደ አዲስ በሽታ ታይቶ የሚያሸና ክኒን ይታዘዛል፤ እሱ ደግሞ ከመቀመጫ ሲነሱ ያዞራል። መድኃኒቶች እርስ በርስም ይጋጫሉ፤ ደም የሚያቀጥነውን ዋርፋሪን በሚወስዱ ላይ የሕመም ማስታገሻው አይቡፕሮፌን ሲጨመር የጨጓራ መድማት ያሰጋል።

በከተማዋ አንዳንድ ቤቶች ለአረጋውያን ክኒኑን በሰዓቱ የሚሰጡት ኢትዮጵያውያን የቤት ሠራተኞች ናቸው። የባሕርይ ለውጣቸውንም ቀድመው የሚያዩት እነሱ ስለሆኑ፣ ሐኪሙ ሊጠይቃቸው ይገባል።