ልብ እየመታ ሞት ሲረጋገጥ

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ገላው ሳይቀዘቅዝ፣ ደረቱ ከፍ ዝቅ እያለ፣ ልቡም እየመታ ያለን ሰው «ሞቷል» ሲሉት ቤተሰብ አላምንም ቢል አይፈረድበትም። ሞትን ስናውቀው የኖርነው ትንፋሽ ሲቆም ነው። ይሁንና ልብ የራሱ የምት ማመንጫ ስላለው፣ ኦክስጅን እስካገኘ ድረስ የአንጎልን ትእዛዝ ሳይጠብቅ ይመታል፤ ኦክስጅኑን የሚያስገባለት ደግሞ የመተንፈሻ መሣሪያው ነው። ኮማ ውስጥ ያለ ሰው አንጎሉ ቢጎዳም በሕይወት አለ፤ ሊነቃም ይችላል። የአንጎል ሞት ግን መላው አንጎል፣ ትንፋሽን የሚያዘው ግንዱ ጭምር፣ ላይመለስ ሥራውን ማቆሙ ነው። በዓይን የማይታይን ሞት ሰው አምኖ የሚቀበለው ማረጋገጫው ጥብቅ፣ ከጥቅም ግጭት የጸዳና ከቤተሰብ የማይደበቅ ሲሆን ነው። ብዙ ወገኖቻችን የሚኖሩባት እስራኤል እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2008 ያወጣችው ሕግ ለዚህ ጥሩ ማሳያ ነው።

በሕጉ መሠረት ሞቱን የሚያረጋግጡት ለዚሁ ሥራ ሠልጥነው ፈቃድ ያገኙ ሁለት ሐኪሞች ናቸው። በሽተኛውን ሲያክሙ የቆዩ ወይም በንቅለ ተከላ ሥራ እጃቸው ያለበት ሐኪሞች በዚህ ውስጥ አይገቡም። ፈቃድ ሰጪው ኮሚቴ ከሐኪሞች ሌላ ረቢዎችንና የሥነ ምግባር ባለሙያዎችን ይዟል። በቅድሚያ የጉዳቱ መንስኤ መታወቅ አለበት፤ ማደንዘዣ፣ የሰውነት ሙቀት መውረድ ወይም ሌላ ሞት የሚያስመስል ነገር አለመኖሩም ይጣራል። ከዚያ ወደ ዓይን ብርሃን ይበራል፤ የዓይኑ የፊት ገጽ በጥጥ ጫፍ ይነካል፤ በረዶ የመሰለ ውኃ በጆሮ ይፈስሳል፤ ጉሮሮ በቱቦ ይነካካል። ዓይን ካልተርገበገበና ካልተንቀሳቀሰ፣ ሳልም ካልመጣ የትንፋሽ ፈተናው ይከተላል። በቂ ኦክስጅን ከተሰጠ በኋላ መሣሪያው ማስተንፈሱን እንዲያቆም ተደርጎ፣ ሐኪሞቹ ደረትና ሆዱን ለደቂቃዎች ትክ ብለው ይመለከታሉ። በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ 60 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ደርሶ አንድም እስትንፋስ ካልታየ፣ የአንጎል ግንዱ ማዘዝ አቁሟል ማለት ነው። የእስራኤል ሕግ በዚህም ሳያበቃ፣ ለምሳሌ ወደ አንጎል የሚሄደው ደም መቆሙን የሚያሳይ የመሣሪያ ምርመራ እንዲጨመር ያስገድዳል።

«ይህ ሁሉ የአካል ክፍል ለማግኘት የታሰበ ነው» የሚሉ አሉ። ጥርጣሬው ከምንም የተነሣ አይደለም፤ በ1968 የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ኮሚቴ የአንጎል ሞትን መስፈርት ሲያወጣ የንቅለ ተከላን ጉዳይ ከምክንያቶቹ እንደ አንዱ ጠቅሷል። ሞትን ማረጋገጥና ንቅለ ተከላ በሕግ መለያየታቸው የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። ሃይማኖታዊው ተቃውሞ የበለጠ ይከብዳል። የእስራኤል ዋና ረቢዎች ምክር ቤት የትንፋሽን መቆም መነሻ አድርጎ በ1986 የአንጎል ሞትን ተቀብሏል፤ ከፍተኛ ተሰሚነት የነበራቸው ረቢ ኦቫድያ ዮሴፍም ሕጉን ደግፈዋል። እንደ እሳቸው ተሰሚ የነበሩት ረቢ ዮሴፍ ሻሎም ኤልያሺቭ ግን ልብ እየመታ ሞት የለም ብለው ተቃውመዋል። ሕጉ የሟቹ እምነት የአንጎል ሞትን የማይቀበል ከሆነ ልቡ እስኪቆም መሣሪያው እንዳይነቀል ያዛል። «ሞት እውነት ከሆነ በእምነት እንዴት ይለያያል?» ለሚል፣ የሐኪሞቹ ግኝት አይለወጥም፤ ለእምነት የተተወው ከዚያ በኋላ የሚደረገው ነው።

ጥብቅነቱ ዋጋ አለው። ሕጉ ሥራ ላይ በዋለባቸው የመጀመሪያ ዓመታት የተረጋገጡ የአንጎል ሞቶች ቀንሰዋል፤ ኩላሊትና ልብ ለሚጠብቁ በሽተኞች ይህ ቀላል ጉዳት አይደለም። ቢሆንም ጥርጣሬ ከነገሠ የሚለግስ ቤተሰብ ጭራሽ ይጠፋል። ሕጉ ምርመራው ለቤተሰብ እንዲነገር ይጠይቃል፤ ዕብራይስጥ በቅጡ ለማይሰሙ አረጋውያን ወላጆች ግን መንገር ማለት ምን እንደተፈተነና ምን እንደተገኘ አንድ በአንድ በአማርኛ ማስረዳት ነው። ይህ ከጎደለ ሕጉ የቱንም ያህል ጥብቅ ቢሆን እምነታቸውን አያገኝም።