ለየችግሩ የሚስማማ የመንቀሳቀሻ መርጃ አመራረጥ

ተሽከርካሪ ወንበር ለተጠቃሚው አካልና ለሚኖርበት መሬት ካልተስማማ መርጃ ሊባል አይችልም። ለሆስፒታል ኮሪደር የተሠራ፣ የፊት ጎማዎቹ ትናንሽ የሆኑ ወንበር በሆሳዕና አካባቢ፣ እንደ ሀቢቾ ባሉ የገጠር ቦታዎች፣ በክረምት ጭቃ ይያዛል። ስለዚህ የጤና ባለሙያው አስቀድሞ ሊመረምር የሚገባው ሕመምተኛውንና መንገዱን ነው።

አንድ እግሩ ለደከመና ሚዛኑን መጠበቅ ለሚችል ሰው ምርኩዝ ይበቃዋል፤ የሚይዘውም ከደካማው እግር በተቃራኒ ባለው እጁ ነው። ክራንች ብርቱ ክንድ ይጠይቃል። የላይኛው ጫፉ ከብብት ሁለት ወይም ሦስት ጣት ያህል ዝቅ ማለት አለበት፤ የሰውነት ክብደት በብብት ላይ ካረፈ የክንድ ነርቭ ይጎዳል።

መራመድ ለማይችል፣ ነገር ግን ተደላድሎ ለሚቀመጥና ክንዱ ለበረታ ሰው፣ ለረጅም መንገድ በእጅ የሚዘወር ባለሦስት ጎማ ብስክሌት ይመረጣል፤ ለቤት ውስጥ ግን አይመችም። መንገዱ አጭርና ወጣ ገባ ከሆነ፣ የፊት ጎማው ትልቅና ወደ ፊት ራቅ ያለ ባለሦስት ጎማ ወንበር ይሻላል።

ኅብለ ሰረሰሩ ተጎድቶ መቀመጫው ስሜት ላጣ ሕመምተኛ ግፊት የሚቀንስ ትራስ ከወንበሩ ጋር አብሮ ሊታዘዝ ይገባል። ያለዚያ የግፊት ቁስል ይፈጠራል፤ ቁስሉም አመርቅዞ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። ሕመምተኛው በየጊዜው ወደ ፊት እያጎነበሰ ግፊቱን እንዲቀንስና ቆዳውን በየቀኑ እንዲያይ ማስተማር ያስፈልጋል።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው መመሪያ የተሽከርካሪ ወንበር አገልግሎትን በ8 ደረጃዎች ከፍሎታል፤ የመጨረሻው ደረጃ ጥገናና ክትትል እንጂ ርክክብ አይደለም።