በማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ የሚበቅል አትክልት፦ የውኃ፣ የአየርና የሥር ጉዳይ

በከተማችን «ማዳበሪያ» የሚለው ቃል ሁለት ነገሮችን ይጠራል። አንደኛው ለማሳ የሚበተነው ዳፕ ወይም ዩሪያ ሲሆን፣ ሁለተኛው ያንኑ ዕቃ ይዞ ወደ አገር የገባው፣ ከፕላስቲክ ክር የተሸመነው ነጭ ጆንያ ነው። የመጀመሪያው አፈር ውስጥ ሟሙቶ ካለቀ በኋላ ስሙ ለከረጢቱ ቀርቶ፣ ዛሬ ከሰል የሚሞላበትም፣ ጤፍ የሚቋጠርበትም፣ አሮጌ ልብስ የሚታጨቅበትም ሁሉ «ማዳበሪያ» ይባላል። ይኸው ከረጢት ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ሌላ ሥራ አግኝቷል። በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ በጠባብ ግቢዎችና በጋራ መኖሪያ ቤቶች ዙሪያ አፈር ተሞልቶበት ቆስጣ፣ ሰላጣና ጎመን ሲበቅልበት ይታያል። በኅዳር 2015 ዓ.ም. በይፋ የተጀመረው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም በየቤቱ የማምረትን ልማድ ይበልጥ አበረታቶታል። ይሁን እንጂ አንድ ዓይነት አፈር፣ አንድ ዓይነት ዘርና አንድ ዓይነት ውኃ ያገኙ ሁለት ከረጢቶች፣ አንዱ ለምልሞ ሌላው ሲጠወልግ ማየት የተለመደ ነው። በዚህ ጽሑፍ የልዩነቱን ምክንያት ከሳይንስ አንጻር እንመለከታለን።

ለመሆኑ ምድር ላይ መዝራት ሲቻል አፈርን በከረጢት ማሰር ለምን አስፈለገ? የቦታ እጥረት የታወቀው መልስ ነው። ሁለተኛውን መልስ የምናገኘው ግን ከወንዙ ዘንድ ነው። የከተማዋን ምዕራባዊ ክፍል የሚያቋርጠው ትንሹ አቃቂ የመንደሮችን፣ የጋራዦችንና የፋብሪካዎችን ፍሳሽ እየተቀበለ ወደ አባ ሳሙኤል ሰው ሠራሽ ሐይቅ ይወርዳል። በዳርቻው ደግሞ ለብዙ ዓመታት በመስኖ አትክልት ሲለማ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ2002 በኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት የታተመ አንድ ጥናት በአዲስ አበባ በሚለሙ አትክልቶች ውስጥ ያለውን የብረታ ብረት መጠን መርምሮ፣ ቆስጣና ሰላጣ ከጥቅል ጎመን የበለጠ ክምችት እንደሚይዙ አመልክቷል። በቅጠሉ ገጽ ላይ ያረፈ አቧራ በውኃ ይታጠባል። በሥር በኩል ገብቶ በቅጠሉ ኅብረ ሕዋስ ውስጥ የተቀመጠ እርሳስ ወይም ካድሚየም ግን አይታጠብም፤ በሙቀት የሚፈርስ ነገር ባለመሆኑም እሳት አያጠፋውም።

የከረጢት እርሻ ትልቁ ጥቅም እንግዲህ አፈሩንና ውኃውን ራስ መምረጥ መቻሉ ነው። ከረጢቱ ራሱ ምንም ነገር አያጣራም፤ የተበከለ አፈር ከተሞላበት የተበከለ ቅጠል ይሰጣል። ይህን የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በዚሁ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የረጲ ወይም የቆሼ የቆሻሻ መጣያ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ የከተማዋን ጥራጊ ሲቀበል ኖሯል። በመጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከ100 በላይ ሰዎች ሕይወታቸውን ያጡበት ሥፍራ ነው። በእንዲህ ያለ ቦታ አካባቢ የሚገኘው ጥቁርና ልል አፈር ለዓይን ለም ይመስላል። ነገር ግን የባትሪ ድንጋይ፣ ቀለምና የኤሌክትሮኒክስ ስብርባሪ ከምግብ ትራፊ ጋር ተደባልቆ የበሰበሰበት በመሆኑ፣ ለአበባ ካልሆነ በቀር ለሚበላ ተክል ፈጽሞ አንመክረውም።

ወደ ዋናው ጉዳይ እንግባ። አፈር ውኃን የሚይዘው በሁለት ተቃራኒ ኃይሎች መካከል ነው። የመሬት ስበት ውኃውን ወደ ታች ይጎትታል። በአፈር ቅንጣቶች መካከል ያሉት ቀጫጭን ክፍተቶች ደግሞ የኩራዝ ክር ጋዙን እንደሚስበው ውኃውን ስበው ይይዙታል። በማሳ ላይ ከታች ያለው አፈርም ስለሚስብ የላይኛው ይጠነፈፋል። በከረጢት ውስጥ ግን የአፈሩ ዓምድ ከታች ይቋረጣል፤ ከዚያ በታች ያለው አየር ነው፣ አየር ደግሞ ውኃን አይስብም። ውኃው ከቀዳዳው ይወጣ ዘንድ የራሱ ክብደት የክፍተቶቹን ጉተታ ማሸነፍ ይኖርበታል። ስለዚህ ማንጠባጠቡ ካቆመ በኋላም ከከረጢቱ ግርጌ፣ ክፍተቶቹ ሁሉ በውኃ የተሞሉበት አንድ ንብርብር ይቀራል። የዚህ ንብርብር ቁመት የሚወሰነው በአፈሩ ክፍተቶች ስፋት እንጂ በዕቃው ቁመት አይደለም።

ይህን በቤት ውስጥ መፈተን ቀላል ነው። አንድ የዕቃ ማጠቢያ ስፖንጅ ውኃ እስኪጠግብ ነክረን በጠፍጣፋው በኩል አግድም እንያዘው። ማንጠባጠቡን ሲያቆም ሳንጨምቀው በቁሙ ብናዞረው እንደገና ማንጠባጠብ ይጀምራል። ስፖንጁ ያው ነው፤ የተለወጠው ቁመቱ ብቻ ነው። አሁን ይህን ወደ አፈር እንመልሰው። የአንድ አፈር ውኃ የሞላበት ንብርብር 10 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ያ አፈር 15 ሴንቲ ሜትር ቁመት ባለው ቆርቆሮ ውስጥ ቢሞላ ሁለት ሦስተኛው ረግረግ ይሆናል። በ40 ሴንቲ ሜትር ከረጢት ውስጥ ግን ረግረጉ ሩብ ያህል ብቻ ነው። ሥር ይተነፍሳል፤ ኦክስጅን ደግሞ በውኃ ውስጥ ሲሰራጭ በአየር ውስጥ ከሚሰራጨው በ10,000 ጊዜ ገደማ ይዘገያል። በረግረግ ውስጥ ያለ ሥር የሚታፈነው በዚህ ምክንያት ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ ያየ ሰው «ውኃ ጠማው» ብሎ ይጨምርበታል፤ የታፈነ ሥር ግን ውኃ መሳብ ስለሚሳነው ተክሉ በውኃ መካከል ቆሞ ይደርቃል።

በዚሁ አጋጣሚ «ውኃው እንዲወርድ ከታች ጠጠር አድርጉበት» የሚለውን ምክር እንመልከት። ምክሩ ቅን ቢሆንም ውጤቱ የተገላቢጦሽ ነው። ውኃ ከጠባብ ክፍተት ወደ ሰፊ ክፍተት በቀላሉ አይሻገርም፤ ከጠጠሩ በላይ ያለው አፈር እስኪሞላ ይጠብቃል። በመሆኑም ረግረጉ ንብርብር አይጠፋም፤ ከግርጌው ተነሥቶ ከጠጠሩ በላይ ወደ ሥሮቹ ይጠጋል፣ ለሥር የሚተርፈውም ቦታ ይቀንሳል። በናይሮቢ ከተማ በኪቤራ መንደር፣ ከ2008 (እ.ኤ.አ.) ግጭት በኋላ ሶሊዳሪቴ የተባለው የፈረንሳይ የርዳታ ድርጅት ያስፋፋው የጆንያ እርሻ ድንጋይ ይጠቀማል። ሆኖም እዚያ ድንጋዩ የሚደረደረው ከጆንያው መካከል ከታች እስከ ላይ እንደ ምሰሶ ነው። ጆንያው ረጅም ስለሆነና በጎኑ ተቀዶ ችግኝ ስለሚተከልበት ምሰሶው ውኃውን በየከፍታው ያዳርሳል። አንድ ዓይነት ድንጋይ ነው፤ አቀማመጡ ግን ሌላ ሥራ ያሠራዋል።

ስለ ከረጢቱ ምርጫ ስንናገር የተሸመነው ጆንያ ከባልዲና ከጀሪካን የሚሻልበት ነገር አለው። በሽመናው መካከል አየር ያልፋል፤ ወደ ግድግዳው የደረሰ የሥር ጫፍ አየር ሲያገኘው ይደርቅና ከኋላው አዳዲስ ቅርንጫፎች ያወጣል። በልሙጥ ባልዲ ውስጥ ግን ሥሩ ግድግዳውን ተከትሎ ይዞራል፣ ራሱንም እንደ ገመድ ይጠመጥማል። በአንጻሩ የተሸመነ ጆንያ በጎኑም ውኃ ያተናል። ብዙዎቹ የማዳበሪያ ከረጢቶች ከውስጥ ስስ ላስቲክ ስላላቸው እርሱን ማውጣት ወይም ከታች በደንብ መብሳት ያስፈልጋል። ጥቁር ላስቲክ ፀሐይን ስለሚመጥ በበጋ ቀትር በፀሐይ በኩል ያለውን ሥር ያግላል፤ ነጩ ጆንያ የተሻለ ነው።

ከረጢቱ ቀድሞ ምን እንደያዘ ማወቅም ግድ ይላል። የዱቄት፣ የስኳርና የጤፍ ጆንያ ለዚህ ተመራጭ ነው። የማዳበሪያ ከረጢት በሚገባ ከታጠበ ያገለግላል። የሲሚንቶ ከረጢት ትራፊ አፈሩን ከመጠን በላይ አልካላይ ያደርጋል። የፀረ ተባይ መድኃኒት ወይም በመድኃኒት የታሸ ዘር የነበረበት ከረጢት ምንም ያህል ቢታጠብ ለዚህ አይሆንም። ከቁራሌው ወይም ከመርካቶ ምናለሽ ተራ የተገዛ ጆንያ ርካሽ ቢሆንም ታሪኩ አይታወቅም፤ ከሰፈር ዳቦ ቤት ወይም ወፍጮ ቤት መጠየቅ ይሻላል ባዮች ነን።

አሁን ጥቂት ሒሳብ እንሥራ። ጠፍጣፋ ስፋቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጆንያ ሲሞላ ዙሪያው 120፣ ዲያሜትሩ 38 ሴንቲ ሜትር ያህል ይሆናል። አፉን ወደ ውጭ አጥፈን 35 ሴንቲ ሜትር ከፍታ ብንሞላው 40 ሊትር ገደማ አፈር ይይዛል። ለአንድ ሰላጣ 4፣ ለአንድ ቆስጣ 8፣ ለቃሪያ 10፣ ለቲማቲም ደግሞ ከ15 እስከ 20 ሊትር ብንመድብ፣ በዚህ ጆንያ አምስት ቆስጣ ወይም ሁለት ቲማቲም ይበቃል ማለት ነው። እርጥብ ሲሆን ክብደቱ ከ50 እስከ 60 ኪሎ ግራም ይደርሳል። አሥር ጆንያ ሰገነት ላይ መደርደር አምስት ስድስት ኩንታል መጫን በመሆኑ፣ ለዚያ ያልተሠራ ጣሪያና በረንዳ ላይ ባይሞከር ይመረጣል። ከመሬት ከፍ ለማድረግ ከአጠና ተራ የተገዛ ጥቂት የባሕር ዛፍ አጠና በቂ ነው፤ ከታች አየር ስለሚገባም ጆንያው ቶሎ አይበሰብስም፣ አይጥም አይደበቅበትም።

ለድብልቁ ሁለት እጅ ቀይ አፈር፣ አንድ እጅ በሚገባ የበሰለ ብስባሽ፣ አንድ እጅ ለመንገድና ለግንባታ የሚውለው ቀይ የእሳተ ገሞራ ጠጠር ደቃቁ ቢሆን መልካም ነው። ጠጠሩ ከታች ሲነጠፍ ጎጂ ያልነው፣ ከአፈሩ ጋር ሲደባለቅ ግን ክፍተቶችን ስለሚያሰፋ ረግረጉን ያሳጥራል። ብስባሽ ብቻ መሙላት አይመከርም፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ወደ ታች ይሰምጣል። የቡና አተላ ናይትሮጅን ስላለው ብስባሹ ውስጥ ይግባ፤ ያልበሰለ የጤፍ ጭድ ግን ሲበሰብስ ናይትሮጅኑን ለራሱ ተህዋስያን ስለሚወስድ ችግኙን ያስርበዋል። ትኩስ ፍግ የአረም ዘርና የወስፋት እንቁላል ሊይዝ ይችላል። የብስባሹ ክምር ውስጡ ለብዙ ቀናት ከ55 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ ከሞቀና እየተገለበጠ ከበሰለ ግን አብዛኛው ይሞታል።

ብዙ ተክል የሚሞተው በዩሪያ ነው። ለረጅም ጊዜ ለገበሬው ይሰጥ የነበረው የተለመደ ምክር በሄክታር 100 ኪሎ ግራም ዳፕና 100 ኪሎ ግራም ዩሪያ ነበር። ዩሪያው በካሬ ሜትር 10 ግራም ይሆናል። የጆንያችን አፍ 0.115 ካሬ ሜትር ስለሆነ ድርሻው 1.15 ግራም ብቻ ነው! አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ግን 4 ግራም ገደማ ይይዛል። በጆንያ ውስጥ ተክሉ ስለሚጠጋጋና ውኃ ንጥረ ነገሩን ስለሚያጥበው በጠቅላላው ከማሳ የበለጠ ሊያስፈልግ ቢችልም፣ በአንድ ጊዜ የተጨመረ ማንኪያ ሙሉ ዩሪያ የአፈሩን ውኃ አጨውቶ ከሥሩ ውኃ ይነጥቃል። አንድ የሻይ ማንኪያ በ10 ሊትር ውኃ አሟሙቶ፣ ለእያንዳንዱ ጆንያ አንድ ሊትር በየሁለት ሳምንቱ ማጠጣት ይበቃል።

ውኃ በፈረቃ በሚደርስበት መንደር የሚፈጀው መጠን አስቀድሞ ሊታሰብ ይገባል። በበጋ ከሣር ሜዳ ላይ በቀን 4 ሚሊ ሜትር ገደማ ውኃ ይተናል። ይህ በጆንያችን አፍ ሲሰላ ግማሽ ሊትር ያህል ነው፤ ቅጠሉ ከአፉ ውጭ ስለሚዘረጋና ጎኑም ስለሚያተን አንድ ሊትር ብንል ያስኬዳል። አሥር ጆንያ በቀን ግማሽ ጀሪካን ይፈልጋል ማለት ነው። የአትክልትና የእህል እጣቢ ይህን በከፊል ሊሸፍን ይችላል። የልብስ ሳሙና እጣቢ ግን ሶዲየም ስላለበት ውሎ አድሮ አፈሩን ያበላሻል። ከላይ ደረቅ ሣር ማልበስ ትነቱን ይቀንሳል።

ለጀማሪ ቆስጣንና የሐበሻ ጎመንን እናስቀድማለን። ጎመናችን የትውልድ አገሩ እዚሁ ነው፤ ኡ ጃንግ ቹን የተባለው ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1935 እንዳሳየው ከጥቁር ሰናፍጭና ከጥቅል ጎመን ዘመድ መዳቀል የተገኘ ሲሆን፣ የሁለቱን 16 እና 18 ክሮሞሶሞች ደምሮ 34 ይዟል። ቅዝቃዜውንም ይችለዋል፤ የውጩ ቅጠል እየተቀነጠሰ ለወራት ይበላል። ቲማቲም ግን በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ብርድ አበባው ይረግፋል፣ በክረምት ደግሞ ዋግ ያቃጥለዋል። ችግኙን በጥር አፍልቶ በየካቲት መጨረሻ ማዛወር የተሻለው ዕድል ነው።

ጆንያው ራሱ ዘላለማዊ አይደለም። ክሩ የሚሠራበት ፖሊፕሮፒሊን በፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ሰንሰለቱ ይበጣጠሳል። ጨረሩ ደግሞ ከፍታ በ1000 ሜትር በጨመረ ቁጥር በ10 በመቶ ገደማ ስለሚበረታ፣ ከ2300 ሜትር በላይ ባለች ከተማ ሥራው ይፈጥናል። ክሩ በጣት ሲሻሽ መፍረስ ከጀመረ ብናኙ ከአፈሩ ጋር ሳይቀላቀል አፈሩን ወደ አዲስ ጆንያ ማዛወር፣ በዚያውም አንድ አራተኛ ያህል አዲስ ብስባሽ መጨመር ይገባል። በአንድ ጆንያ ቲማቲም ከተመረተ ቀጥሎ ድንች ወይም ቃሪያ እዚያው አፈር ውስጥ ባይተከል ይሻላል፤ የአንድ ቤተሰብ አባላት ስለሆኑ በሽታቸውም የጋራ ነው።