የደንብ ልብስ፣ ፋሽንና የስም ጥሪ

እሁድ ከሰዓት በኋላ ከወግዲና ከቦረና ገጠር ቀበሌዎች ወደ ከተማ የሚያስገቡት መንገዶች በተማሪ ይሞላሉ። ወንዱም ሴቷም የሳምንት ስንቃቸውን ተሸክመው ወደተከራዩዋት ጠባብ ክፍል ይመለሳሉ። ድርቆሹ፣ ሽሮው፣ ቆሎው በከረጢት ተቋጥሯል። ያንን ስንቅ ያዘጋጀች እናት አንድ ነገር እርግጠኛ ናት። ልጇ ነገ ጠዋት ክፍል ይገባል።

ይሁን እንጂ ሰኞ ጠዋት ስም ሲጠራ ሁሉም "አቤት" አይልም። አንዱ በአጨዳ ምክንያት ከቤተሰቡ ጋር ቀርቷል። ሌላዋ ታማለች። ሦስተኛው ግን ትምህርት ቤቱ በር ድረስ መጥቶ ነው የተመለሰው። የደንብ ልብሱን ሱሪ ልብስ ሰፊ ዘንድ ወስዶ እንደ ጊዜው ፋሽን አስጠብቦታል፤ ፀጉሩንም ጎንና ጎኑን ተላጭቶ አናቱን አቁሞታል። በመዝገቡ ላይ ግን ሦስቱም እኩል ናቸው፤ ቀሪ!

ውድ አንባቢያን! ለመሆኑ ለአንድ ሱሪ ስንት የትምህርት ቀን መክፈል ይገባናል?

ፋሽን ትናንትም ነበር

ተማሪና ፋሽን ማወዛገብ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። መጋቢት 21 ቀን 1960 ዓ.ም በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ፣ ራስ መኮንን አዳራሽ የፋሽን ትርዒት ተዘጋጅቶ ነበር። ትርዒቱን የባዕድ ባህል ወረራ አድርገው ያዩት ተማሪዎች ተቃውሞ አስነሱ፤ ፖሊስ ገባ፤ ነገሩ ተባብሶ ዩኒቨርሲቲው እስከ መዘጋት ደረሰ። ብዙም ሳይቆይ አፍሮ ፀጉርና እግሩ የሰፋ ቤል ቦተም ሱሪ የወጣቱ መለያ ሆኑ። ያን ጊዜ አባቶች ሱሪው ሰፋ ብለው ተቆጡ፤ ዛሬ ደግሞ ጠበበ ብለን እንቆጣለን። ፋሽን ይመጣል፣ ይሄዳል። የባከነ የትምህርት ቀን ግን አይመለስም።

በ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ እናስታውስ። የዚህ ውጤት ምክንያቱ ብዙ ነው። ነገር ግን ፈተናው እንዲህ ከከበደ፣ ከክፍል መቅረት አቅሙ ያለን ማን ነን?

የገንዘቡም ነገር አለ። አባት በግ ሸጦ ለቤት ኪራይና ለደብተር የሰጠው ብር በቲክቶክ ለታየ ጫማ ሲውል፣ የሚጎድለው የጓዳው እህል ነው። ይህ ኢስራፍ ነው፤ ያውም በሰው ላብ የሚፈጸም። ይህ ሲባል ወጣት አይመርበት ማለት አይደለም። ዲናችን ንጽሕናንም ማማርንም አይጠላም። ከሰልባጅ የተገዛ ልብስም ታጥቦና ተተኩሶ ያምራል።

ሂጃብ ፋሽን አይደለም

እዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። ፀጉር አቆራረጥ በወር ውስጥ የሚቀየር ምርጫ ነው። ሂጃብ ግን ሙስሊሟ ልጅ ለጌታዋ የምትታዘዝበት ግዴታዋ ነው። አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ሁለቱን በአንድ ሚዛን ሲያስቀምጡ ጉዳቱ ከባድ ይሆናል።

ቅርቡ ምሳሌ አክሱም ነው። በ2017 የትምህርት ዘመን በከተማዋ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሂጃብ ለብሳችሁ አትገቡም የተባሉ እህቶቻችን ከክፍል ውጭ ቀሩ። የትግራይ እስልምና ጉዳዮች ከፍተኛ ምክር ቤት ቁጥራቸውን 159 ብሎ ነበር። ጉዳያቸው በጥር ወር ፍርድ ቤት ደርሶ ክልከላውን ለጊዜው የሚያግድ ትእዛዝ ተሰጠ፤ ጥር 13 ቀንም በመቀሌ ሰላማዊ ሰልፍ ተደረገ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 የሃይማኖት ነጻነትን ያረጋግጣል። ሆኖም ክርክሩ እስኪቋጭ ያለፈውን ትምህርት ለእነዚያ ልጆች ማን ይመልስላቸዋል?

በሌላውም ዓለም መንገዱ የተለያየ ነው። ፈረንሳይ በ2004 እ.ኤ.አ. በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ሂጃብን በሕግ ስትከለክል፣ ቱርክ በ2014 እ.ኤ.አ. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቿ የነበረውን እገዳ አንስታለች።

ከቤቷ የሰዓታት መንገድ ርቃ ክፍል ተከራይታ የምትማረውን የገጠር ልጅ እናስብ። ከበር ስትመለስ የት ትውላለች? ሁለት ሦስት ቀን ከቀረች በኋላ ወሬው ቤቷ ሲደርስ "ካልተማረችማ ትዳር ትያዝ" የሚል ዘመድ አይጠፋም። ለአንዳንዷ ልጅ ከበር መመለስ ማለት ከትምህርት ጨርሶ መሰናበት ነው።

ታዲያ ምን ይደረግ?

ወላጆች ሆይ! መስከረም ሲጠባ ለምዝገባ ስትሄዱ የአለባበስና የቀሪ ደንቡን ጠይቁ። የሻርፑ ቀለም ከደንብ ልብሱ ጋር እንዲሄድ አስቀድሞ መነጋገር ከበር ላይ ጭቅጭቅ ያድናል። በወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ስብሰባ ላይ ተገኙ፤ ያልተገኘ ወላጅ ስለ ልጁ ሌላው ይወስንለታል።

መምህራን ሆይ! ደንብ መኖሩ ተገቢ ነው። ጥፋት ያለበትን ልጅ ግን ከክፍል አስወጥታችሁ ሳይሆን፣ ትምህርቱን ከተማረ በኋላ ከወላጁ ጋር ብትመክሩት ደንቡም ይከበራል፣ ቀኑም አይባክንም።

ወንድሜ ሆይ፣ እህቴ ሆይ! በበር ላይ ለሂጃብ መብት ስንሟገት፣ ያለ ምክንያት በመቅረት እጃችንን አናስረዝም። የጁምዓ ሶላትም ሰግዶ ወደ ክፍል ላለመመለስ ማመካኛ መሆን የለበትም። የመጀመሪያው ወህይ የወረደው በንባብ ትእዛዝ መሆኑን አንርሳ።

በ2015 ዓ.ም መጨረሻ በክልላችን በተቀሰቀሰው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተው፣ ሚሊዮኖች ከትምህርት ገበታ ርቀው አይተናል። ያንን ላየ ሰው የትምህርት ቤት በር ተከፍቶ መገኘቱ ራሱ ትልቅ ኒዕማ ነው። የተከፈተውን በር በሱሪ ጥበት ለራሳችን አንዝጋ፤ በሂጃብ ምክንያትም በልጆቻችን ላይ አይዘጋ።

እሁድ ስንቅ ያሸከመች እናት የምትጠብቀው ብዙ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ስሙ ሲጠራ ልጇ "አቤት" እንዲል ብቻ ነው። አላህ ልጆቻችንን በዒልም ያንጽልን። አሚን!