መተግበሪያው የጠየቃችሁ ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነው?

ደብረ ብርሃንም ሆነ አንኮበር ያለች ነፍሰ ጡር የእርግዝና መተግበሪያ አውርዳ አካውንት ስትከፍት፣ የመጨረሻ የወር አበባዋ የጀመረበትን ቀን ትጠየቃለች። ብዙዎቹ ቅጾች ግን በየትኛው አቆጣጠር እንደሆነ አይናገሩም። ወራቱ 12 ብቻ ናቸው፤ ጳጉሜን የለችም።

ችግሩ እዚህ ጋ ነው። ብዙዎቻችን ጥቅምትን ኦክቶበር እንላለን። ጥቅምት 1 ግን አብዛኛውን ጊዜ ኦክቶበር 11 ነው። "ኦክቶበር 1" ብላ ከሞላች እርግዝናው በ10 ቀን የገፋ ይመስላል። መጨረሻ ላይ "ቀኔ አለፈ" ብላ ትጨነቃለች፤ ባለሙያውም በዚያ ቀን ከተመራ ምጥ የሚያመጣ መድኃኒት ያለጊዜው ሊታዘዝላት ይችላል። ጥፋቱ የቅጹ ነው፤ ጣጣው ግን የእናትና የልጅ።

ምን እናድርግ?

✅ ቀኑን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ወረቀት ላይ ጻፉት። ለክትትል ስትሄዱም "በእኛ አቆጣጠር ነው" በሉ።

✅ ራሳችሁ አስሉት፦ 9 ወር ከ10 ቀን ደምሩ። ጥቅምት 1 ከነበረ ሐምሌ 11 ይሆናል። መሀል ላይ ጳጉሜን ካለች በ10 ፋንታ 5 ቀን፣ ጳጉሜን 6 ቀን በምትሆንበት ዓመት ደግሞ 4 ቀን ደምሩ።

✅ ቀኑን ከተጠራጠራችሁ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት አልትራሳውንድ ተነሱ። ቀን ለማወቅ ከዚያ በኋላ ከሚነሳው ይልቅ የሚታመነው እሱ ነው።

ለነፍሰ ጡር እህቶቻችሁ ሼር አድርጉላቸው።