የኮምፒዩተር ብልሽት ከሃርድዌር ወይስ ከሶፍትዌር? ከጥገና በፊት ምንጩን መለየት ያስፈልጋል

በመሥሪያ ቤቶች አገልግሎት የሚሰጥ ኮምፒዩተር በሥራ መሀል ቀጥ ብሎ ሲቆም ወይም በራሱ ጠፍቶ ሲነሳ፣ ብዙውን ጊዜ በምክንያትነት የሚጠቀሰው ቫይረስ፣ የሚወሰደው እርምጃም ፎርማት ማድረግ ነው። ይሁን እንጂ የችግሩ ምንጭ ሃርድዌር ከሆነ እርምጃው ብልሽቱን ሳያስወግድ ለዓመታት የተጠራቀመ ሰነድ ሊያጠፋ ይችላል።

በመሆኑም ቀዳሚው ተግባር ሰነዶችን ወደ ሌላ ማከማቻ መገልበጥ ነው። ቀጥሎም ብልሽቱ የደረሰበትን ሰዓት፣ በወቅቱ ይሠራ የነበረውን ፕሮግራምና በስክሪኑ ላይ የታየውን መልእክት መመዝገብ ይገባል።

አንድ የተወሰነ ፕሮግራም በተከፈተ ቁጥር የሚደገም፣ ወይም አዲስ ፕሮግራም አሊያም ድራይቨር ከተጫነ ወዲህ የጀመረ ብልሽት በአመዛኙ ከሶፍትዌር የሚመነጭ ነው። በአንጻሩ በተለያዩ ፕሮግራሞች ላይ ያለ ሥርዓት የሚፈራረቅ፣ ማሽኑ ሲሞቅ የሚብስ ወይም ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከሰት ብልሽት ወደ ሃርድዌር ያመለክታል። አቧራ የያዘው ማራገቢያ፣ የተጎዳ ሜሞሪ፣ የደከመ ፓወር ሰፕላይና የኤሌክትሪክ ኃይል መዋዠቅ በቅድሚያ ሊፈተሹ ይገባል።

ኮምፒዩተሩን በፍላሽ በተጫነ ሊኑክስ አስነስቶ መሞከርም ይጠቅማል። ብልሽቱ በዚያም ከቀጠለ ሃርድዌሩ ይጠረጠራል፤ ከቆመ ግን ዊንዶውስ ብቻ ሳይሆን በሙከራው ያልተሳተፈው ሃርድ ዲስክም መመርመር አለበት። ሜሞሪን ለመፈተሽ ከቪስታ ወዲህ በወጡ የዊንዶውስ ስሪቶች ውስጥ የሚገኘው መመርመሪያ ያገለግላል።

ጥርጣሬው ካልጠራ ያንኑ ሥራ በሌላ ኮምፒዩተር መሞከር አስተማማኝ መንገድ ነው። እ.ኤ.አ በ1994 በአሜሪካ የሊንችበርግ ኮሌጅ የሒሳብ ፕሮፌሰር የነበሩት ቶማስ ናይስሊ የተሳሳተ የማካፈል ውጤት ሲያጋጥማቸው ስሌቱን በተለያዩ ማሽኖች ላይ ፈትሸዋል። ስህተቱ በፔንቲየም ፕሮሰሰሮች ላይ ሲደገም በቀድሞው 486 ላይ ግን አልታየም። የፕሮሰሰሩ ጉድለት በመረጋገጡም አምራቹ ኢንቴል ለመተካት ተስማምቷል፤ በዚሁ ሳቢያም 475 ሚሊዮን ዶላር በወጪነት መዝግቧል።

በፍተሻ ወቅት በአንድ ጊዜ መለወጥ ያለበት አንድ ነገር ብቻ ነው። ሜሞሪው ተቀይሮ ዊንዶውስም በአንድነት እንደገና ከተጫነ ኮምፒዩተሩ ቢስተካከል እንኳ መንስኤው አይታወቅም። ምንጩ ሳይለይ የሚፈጸም የዕቃ ግዥ የመንግሥትን ገንዘብ፣ ያለ ቅጂ የሚደረግ ፎርማት ደግሞ የባለጉዳዩን ሰነድ ለጉዳት ያጋልጣል።