ገፈራ፦ የላም ቆጮ

ቡታጅራ አካባቢ ነው። በአንዲት እናት ጓሮ፣ የቆጮ ጉድጓድ አፍ ላይ ቁጢጥ ብያለሁ። የተጫነው ድንጋይ ተነሥቷል፣ የእንሰቱ ቅጠል ተገልጧል፤ ኮምጠጥ ያለው ሽታ አፍንጫዬን ይነካዋል። ጥያቄ ሳበዛባቸው ሴትዮዋ ቅጠሉን መለስ አደረጉና «በቃ እንሸፍነው ልጄ፣ ንፋስ ይገባዋል» አሉኝ።

ወሩ ጥር ነበር። ከኋላችን ሁለት ላሞች ታስረዋል፤ አንዷ ክልስ ናት። ፊታቸው የተጣለው የበቆሎ አገዳ እንደ ማገዶ ደርቆ ሲያኝኩት ይንኮሻኮሻል። ወተቱ ክረምት ላይ ከነበረው በግማሽ መቀነሱን የነገሩኝም እኚሁ እናት ናቸው። የቤተሰቡን ምግብ ያለ ማቀዝቀዣ ለወራት የሚያቆየው ብልሃት፣ አሥር እርምጃ ርቀው ለታሰሩት ላሞች አልደረሰም ነበር።

ለላም ሲሠራ ስሙ ገፈራ ነው። የግብርና ባለሙያዎች ሳይሌጅም ይሉታል። እርጥብ መኖ ተከትፎ፣ ተረግጦ፣ አየር እንዳይገባው በከረጢት፣ በበርሜል ወይም በጉድጓድ ተዘግቶ፣ በራሱ ጊዜ ኮምጥጦ የሚቆይ ማለት ነው።

ድርቆሽ እያለ ገፈራ ለምን?

የመኖ ችግራችን የመጠን ብቻ ሳይሆን የጊዜም ነው። ሣር ለላም የሚስማማው ለጋ ሳለ፣ ነሐሴና መስከረም ላይ ነው። ድርቆሽ ደግሞ ፀሐይ ይፈልጋል፤ በዝናብ ያጨዱት ሣር ሜዳው ላይ ይሻግታል። ስለዚህ ጥቅምትና ኅዳርን እንጠብቃለን። ሣሩ ግን እኛን አይጠብቅም። አብቦ፣ ዘርቶ፣ ግንዱ ጠንክሮ፣ ፕሮቲኑ ወርዶ ያገኘናል። ከምረን የምናስቀምጠው ያንን ነው።

የበቆሎ አገዳም ዕጣው ተመሳሳይ ነው። ፍሬው ደርቆ እስኪሰበሰብ ማሳ ላይ ሲቆይ እንጨት ይሆናል። እሸቱ በተሸለቀቀ ሰሞን ግን አገዳው ገና አረንጓዴ ነው፤ ውስጡም ጣፋጭ ነው። ልጆች ልጠው እንደ ሸንኮራ የሚያኝኩት በከንቱ አይደለም። ያ ጣፋጭነት የገፈራው ሁሉ ጉልበት ነው።

እርግጥ ምርጡ ገፈራ የሚሠራው በቆሎው ከነፍሬው ሲከተፍ ነው። ይሁን እንጂ ለጎተራ የተዘራ በቆሎ ከነራሱ ለላም ይከተፍ ማለት የገበሬን ቤት አለማወቅ ነው። ለትንሽ ቤተሰብ የሚያዋጣው እሸቱን ሸጦ ወይም በልቶ አገዳውን በዚያው ሳምንት መክተፍ፣ አለዚያም በአጥርና በእርከን ዳር የበቀለውን የዝሆን ሣር መጠቀም ነው።

ከረጢቱ ውስጥ ምን ይካሄዳል?

የተቆረጠ አገዳ ወዲያው አይሞትም። ለተወሰኑ ሰዓታት ይተነፍሳል፤ አየር እየወሰደ ስኳሩን ያቃጥላል፣ ይሞቃል። በደንብ ተረግጦ ከተዘጋ በመካከሉ የቀረው አየር ጥቂት ስለሆነ ቶሎ ያልቃል። ያን ጊዜ ሥራውን የሚረከቡት አየር በሌለበት የሚበረቱ ባክቴሪያዎች ናቸው። ከማሳ ጀምረው ቅጠሉ ላይ ነበሩ፤ ከሱቅ አይገዙም። ስኳሩን እየበሉ ላክቲክ አሲድ ያወጣሉ። ወተቱን እርጎ፣ እንሰቱንም ቆጮ የሚያደርጉት የእነዚሁ ዘመዶች ናቸው።

ኮምጣጣነት በፒኤች ይለካል፤ ቁጥሩ ሲወርድ መኮምጠጡ ይጨምራል። እርጥብ በቆሎ ወደ 6 ገደማ ነው፤ ጥሩ ገፈራ 4 አካባቢ ይደርሳል። አንዱ ቁጥር የአሥር እጥፍ ልዩነት ስለሆነ፣ ከ6 ወደ 4 መውረድ ማለት 100 እጥፍ መኮምጠጥ ነው። እዚያ ላይ የሚያበሰብሱት ባክቴሪያዎች መኖር ያቅታቸዋል፤ አሲዱን ያመረቱትም ራሳቸው ይደክማሉ። ሁሉም ነገር ባለበት ይቆማል። አየር እስካልገባ ድረስ መስከረም የተዘጋ ከረጢት በመጋቢትም ያው ነው።

ይህ ጉዳይ ኖቤል አሸልሟል። ፊንላንዳዊው አርቱሪ ኢልማሪ ቪርታኔን የኬሚስትሪ ሽልማቱን በ1945 እ.ኤ.አ. ሲቀበል፣ ተለይቶ የተጠቀሰለት ሥራ የመኖ ማቆያ ዘዴው ነበር። እርሱ ባክቴሪያዎቹን ሳይጠብቅ መኖው ላይ በውኃ የቀጠነ አሲድ በመጨመር ፒኤቹን ከ4 በታች አወረደው። የፊንላንድ ላም ረጅሙን የበረዶ ወቅት በረት ውስጥ ታሳልፋለች፤ የእኛ ላም ደግሞ በጋውን ባዶ ሜዳ ላይ። ሁለቱንም የሚያስርባቸው ለምለሙ ወቅት ማለቁ ነው። እኛ አሲድ መግዛት አያስፈልገንም፤ ስኳሩና ባክቴሪያው ሥራውን ይጨርሱታል፣ አየሩን ከከለከልንላቸው።

«እርሾ ልጨምርበት?» የሚል አይጠፋም። አያስፈልግም። የዳቦ እርሾማ ጭራሽ ጠላት ነው፤ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጣል፣ ከረጢቱ ሲከፈት ደግሞ አሲዱን እየበላ መኖውን ያሞቀዋል።

ሥራው

መጀመሪያ እርጥበቱን መለየት። ከተከተፈው አንድ እፍኝ ወስደው ለግማሽ ደቂቃ ጠበቅ አድርገው ይጨብጡና እጅዎን ይክፈቱ። ውኃ ከተንጠባጠበ ገና ነው፤ ግማሽ ቀን ወይም አንድ ቀን ይጠውልግ። እጅዎን አርሶ እንደ ጭብጥ ከቆየና ቀስ ብሎ ከተላቀቀ ሰዓቱ ደርሷል። ወዲያው ከተበተነ ደርቋል፤ ቢረግጡትም አየሩ አይወጣም። በቁጥር ይነገር ከተባለ ከ100 ኪሎው ከ65 እስከ 70 የሚሆነው ውኃ ሲሆን ነው። ለጋ የዝሆን ሣር ከዚህ በላይ ውኃ ስላለው ሳይጠወልግ አይገባም።

ሁለተኛው መክተፍ ነው፤ ርዝመቱ ከ2 እስከ 3 ሴንቲሜትር። ግንድ ላይ በገጀራ ይቻላል፤ ጊዜ ይፈጃል እንጂ። አብዛኛው ወጪም እዚህ ጋ ነው፤ ስለዚህ ጎረቤት ተሰባስቦ አንድ መክተፊያ ማሽን ቢከራይ ወይም በደቦ ቢሠራ ይቀላል። ረጅም አገዳ በመካከሉ ክፍተት ይተዋል፤ ክፍተቱ አየር ነው። አጭር ሲሆን ግን ጭማቂው ይወጣል፣ ባክቴሪያውም ስኳሩን በቀላሉ ያገኘዋል።

ሦስተኛ፣ ጣፋጭ ለጎደለው ጣፋጭ መጨመር። የበቆሎ አገዳ የራሱ ይበቃዋል። የዝሆን ሣር ግን ስኳሩ ትንሽ ነው፤ ለ100 ኪሎ ሣር ከ3 እስከ 4 ኪሎ ሞላሰስ በውኃ አቅጥኖ እየረጩ ማገላበጥ ይረዳዋል። ውኃው ለማቅጠኛ ብቻ ነው፤ መኖውን ማራስ የለበትም።

አራተኛው መርገጥ ነው፤ ከሁሉ የሚበልጠው ይኸው ነው። አንድ ስንዝር ያህል ይጨምሩና ይርገጡ፤ እንደገና ይጨምሩ፣ እንደገና ይርገጡ። ጠርዙ አይዘንጋ፤ ብዙ ጊዜ ሻጋታ የሚጀምረው ከዚያ ነው። እግር የታጠበ ልጅ በርሜል ውስጥ ገብቶ ቢዘል ሥራውም ጨዋታውም ይሰምራል። የተጀመረ ዕቃ ለነገ አያድርም፤ በዕለቱ ሞልቶ ይዘጋል።

በመጨረሻ መዝጋት። የተሸመነው ማዳበሪያ ከረጢት ብቻውን አየር ያሳልፋል። ውስጡ ወፍራም ያልተበሳ ላስቲክ ይግባለት፤ ማዳበሪያው ላስቲኩን ከመቀደድ ይጠብቀዋል። ሲሞላ አየሩን በእጅ ተጭኖ ማስወጣት፣ የላስቲኩን አንገት መጠምዘዝ፣ ጠምዝዞ ማጠፍ፣ ከዚያ ከከመነዳሪ በተቀደደ ጎማ ጥብቅ አድርጎ ማሰር ነው። ገመድ ላስቲኩ ሲላላ አብሮት አይጠብቅም፤ ጎማ ግን እየሳበ ይይዘዋል። ከረጢቶቹ ጥላ ሥር፣ ከመሬት ከፍ ብለው ይቀመጡ። አይጥ ወይም ዶሮ የበሳው ቀዳዳ በየሳምንቱ እየታየ በፕላስተር ይለጠፍ። አንዲት የአይጥ ቀዳዳ የወር ድካም ታባክናለች።

ጉድጓድ ወይስ ከረጢት?

ስለ ገፈራ የሚሰጥ ምክር ብዙ ጊዜ በጉድጓድ ይጀምራል። ጉድጓድ ርካሽ ነው፤ ላስቲክ አንጥፎ፣ ረግጦ፣ ሸፍኖ አፈር መጫን ነው። ሁለት ላም ላለው ቤት ግን እስኪ አብረን እናስላ።

አንድ ላም ከሌላ መኖ ጋር በቀን 10 ኪሎ ገፈራ ትብላ እንበል። ሁለቱ 20 ኪሎ ይሆናሉ። በእግር በደንብ የተረገጠ ገፈራ በሜትር ኩብ ወደ 500 ኪሎ ይመዝናል። ስፋቱ 1.5 ሜትር፣ ጥልቀቱ 1 ሜትር የሆነ ጉድጓድ ከአንድ ጎኑ ተከፍቶ በየቀኑ 20 ኪሎ ቢወሰድለት፣ ፊቱ በቀን 3 ሴንቲሜትር እንኳ አይሸሽም። አየሩ ግን ከዚያ አልፎ ወደ ውስጥ ይገባል። በሞቃት አገር ገፈራው ሳይሞቅ እንዲያልቅ ፊቱ በቀን ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር መነሣት አለበት። ለዚያ ጉድጓድ ሰባት ስምንት ላም ያስፈልጋል ማለት ነው። ሁለት ላም ያላቸው ሰዎች «ሞከርነው፣ ሻገተብን» ሲሉ አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። አሠራሩ ልክ ሆኖም አከፋፈቱ ሊያበላሸው ይችላል።

ኩንታል እህል የሚይዝ ከረጢት 40 ኪሎ ያህል የተረገጠ ገፈራ ይይዛል። ለሁለት ላም የሁለት ቀን ነው፤ ሻጋታው ሳይደርስበት ያልቃል። 200 ሊትር የሚይዝ የላስቲክ በርሜል 100 ኪሎ ገደማ፣ የአምስት ቀን ይሆናል። ከፍ ያለ ዋጋ ቢጠይቅም አይጥ አይበሳውም፣ ለዓመታትም ያገለግላል።

በጋውን ሙሉ በገፈራ ለመሸፈን ማሰብ አያስፈልግም። ክፉዎቹን ሁለት ወራት፣ 60 ቀን፣ እንያዝ። 30 ከረጢት ነው፤ ለብልሽት ሦስት አራት ቢጨመር 34። በአንድ ቀን መሠራት የለበትም። እያንዳንዱ ከረጢት ራሱን የቻለ ጉድጓድ ስለሆነ፣ እሸት በተሸጠ ቁጥር በቀን ሦስት አራት እየሞሉ መሄድ ይቻላል። ከረጢት ለትንሽ ቤት የሚስማማው በዚህም ጭምር ነው።

ሲከፈት

ቢያንስ 21 ቀን ይጠበቃል፤ 40 ቢሆን ይመረጣል። ሲከፈት መጀመሪያ አፍንጫ ይመርምር። ጥሩ ገፈራ ቀለሙ ወደ ቢጫ ያደላ አረንጓዴ፣ ሽታው እንደ እርጎ ኮምጠጥ ያለ ነው። ቡናማ ሆኖ የተቃጠለ ስኳር ከሸተተ አየር ነበረው፣ ሞቋል፤ ላሟ ትወደው ይሆናል፣ ገንቢነቱ ግን ቀንሷል። የቆየ ቅቤ ከሸተተ ሲገባ ውኃው በዝቶ ነበር። ያ ሽታ የቡቲሪክ አሲድ ነው፤ ወጥ ውስጥ ብንወደውም ገፈራ ላይ የብልሽት ምልክት ነው።

ሻጋታ ያለበት ለላምም ለዶሮም አይሰጥም። አንዳንድ ሻጋታ አፍላቶክሲን ይሠራል፤ ላሟ ከበላችው ወደ ወተቱ ይተላለፋል፣ ማፍላትም አያጠፋውም። ሻጋታው በዙሪያው ካለው ጋር ተነሥቶ ይጣል።

አመጋገቡ ላይም ጥንቃቄ አለ። ላሟ በአንድ ቀን አትለምደውም፤ በትንሹ ጀምሮ ከሳምንት እስከ አሥር ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ማሳደግ ነው። ሽታው ወተቱን እንዳይነካው ከታለበች በኋላ ይሰጣት። ከድርቆሽ ወይም ከጭድ ጋር ይቀላቀል። ጨጓራው ላልጠና ጥጃ አይሰጥም። ደግሞም የበቆሎ ገፈራ ጉልበት ይሰጣል እንጂ ፕሮቲኑ ትንሽ ነው፤ ፋጉሎ፣ አልፋልፋ ወይም ትሪሉሰርን ካልታከለበት ወተቱ የተጠበቀውን ያህል አይጨምርም።

ማቡካት መኖን ያቆያል እንጂ አያሻሽልም። የደረቀ አገዳ ቢያቦኩት የኮመጠጠ የደረቀ አገዳ ነው፤ እንደውም ስኳር ስለሌለው በወጉ አይቦካም። አሠራሩ ቢያምርም ከሚገባው ከአሥር እጅ አንዱ ያህል በመተንፈስና በመቦካት መጥፋቱ አይቀርም። ገፈራ የመስከረምን ለጋነት ለጥር ያበድራል፤ ከመስከረም የተሻለ ነገር አይፈጥርም።

መማሪያው ግን ርካሽ ነው። 34 ከረጢት አይጀመር። በመጪው የእሸት ሰሞን ሦስት ብቻ ይሞላ፤ አንዱ በ40ኛው ቀን ይከፈትና ይሽተት። ተበላሽቶ ቢገኝ የጠፋው 40 ኪሎ አገዳ ነው፤ ሽታው ራሱ የቱ ጋ እንደተሳተ ይናገራል። ደህና ከሆነ አንድ እፍኝ ወስዶ ለላሟ፣ ቀሪውን ቶሎ መልሶ ማሰር ነው። የቆጮ ጉድጓድ ያለው ቤት ይህን የሚያስተምረው አይፈልግም፤ ንፋስ እንደሚገባው ያውቃል።